ጥቁሩን ፍሬ ከገብስ የለዩት የዶክተር ኢርምጋርድ ፎስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኢርምጋርድ ፎስ ከአባታቸው ከአቶ ኦቶ ፎስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄድቪግ በ1936 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአንዲት የወንዝ ዳር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከጦርነት ስላልተመለሱ በእናታቸው እጅ አደጉ። ስለ ዕፀዋት ተምረው፣ «ይህ የሴት ሥራ አይደለም» እየተባሉ በእንጉዳይና በሻጋታ ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ።

በ1986 ዓ.ም. የሰብል በሽታ ሊያጠኑ ሰቆጣ ገቡ። የዋግ አገርን ሰብል የሚያጠቃውን ሻጋታ በማይክሮስኮፕ መርምረው ለይተው የጻፉ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። በ1988 ዓ.ም. ወለተ ማርያም ተብለው ተጠመቁ፤ ከመምህር ምስጋናው ወልደ ሐዋርያት ጋርም ትዳር መሥርተው፣ እናቷ የሞተችባትን የመምህሩን ልጅ እየሩስን እንደ ወለዷት አድርገው አሳደጉ። አማርኛውን ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጥኛ እየደባለቁ ሲናገሩ ገበያተኛው ይስቅባቸው ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. በደሃና ወረዳ ገብስ ሊታጨድ ሲል ያለ ወቅቱ ዘነበ። በዛላው ላይ የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ወጣ። ዶክተር ኢርምጋርድ መርዝ መሆኑን ስላወቁ፣ «አትብሉት፣ እግር ያደርቃል» እያሉ በየመንደሩ ዞሩ። የልጆች አባት የሆኑት አቶ ምሳው፣ «እሺ፣ አንበላውም። ታዲያ ምን እንብላ?» ብለው ጠየቋቸው። ምትክ እህል ሊለምኑ ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ፣ በባለሥልጣናቱ «መጀመሪያ በጥናት ይረጋገጥ» ተባሉ። እስኪረጋገጥ ሕዝቡ ገብሱን በልቶ ጨረሰ።

የአቶ ምሳው ልጅ የባንቺ እግሮች ጠቁረው ደረቁ፤ ተቆርጠው ወደቁ። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ፈረንጇ ጥቁሩን ፍሬ በጠርሙስ ስትለቅም ያየ ሁሉ፣ «የዘራችውስ እሷ ናት» አለ። ለቅሶ ሊደርሱ ቢሄዱ በድንጋይ ተቀበሏቸው፤ በማይክሮስኮፕ የሚያዩበት ቀኝ ዐይናቸው ጠፋ።

አገርዎ ይግቡ ቢባሉም እምቢ አሉ። በቀረችው ዐይናቸው ሠርተው፣ እህሉ በጨው ውኃ ሲነከር ጥቁሩ ፍሬ እንደሚንሳፈፍ፣ ደህናው ገብስ እንደሚሰጥም ለገበሬው አሳዩ። ጨው በሰቆጣ ገበያ ያን ጊዜም ሞልቶ ነበር። ይህ ሐሳብ ባንቺ ሳትሞት ባለመምጣቱ እስከ መጨረሻው ሲንገበገቡ ኖሩ።

ለዓመታት የሳቡት የሻጋታ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት፣ ሳል ሲያሠቃያቸው ቆይቶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ልጃቸው እየሩስ በሐዘን ቀርተዋል።

መርዶውን የሰሙት አቶ ምሳው ዶማቸውን ይዘው ከደሃና መጡ። «ይቅር አላልኋቸውም» አሉ፤ «ባዶ እጃቸውን ነው የመጡብን። መቃብሩን ግን እኔ ነኝ የምቆፍር።» ሲቆፍሩ ማንም አላገዛቸውም፤ እርሳቸውም አልፈቀዱም።

አምላክ የወለተ ማርያምን ነፍስ ረኀብ በሌለበት ያሳርፍ። ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን። አሜን።