ታኅሣሥ ላይ ክረምት

ለምወድሽ ልጄ ለታቢታ፤ ጌታ ያለሽበት ቡልጋሪያ ድረስ ሰላሙን ያድርስልሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

«ታኅሣሥ ላይ ክረምት ገባ» ብለሽ ስትጽፊ ዋሸሽኝ ብዬ ነበር። ክረምት ሐምሌ ነው፤ ታኅሣሥማ አዋሳ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤታችን መምህር ግዛቸው ግን ሐይቁ ዳር የሰፈሩትን ሽመላዎች አሳየኝና፣ «ጋሽ ሙሴ፣ እነዚህ እኮ ብርዱን ሸሽተው ከታቢታ ዘንድ የመጡ ናቸው» አለኝ።

«ታዲያ ወፍ ያቃተውን ልጄ እንዴት ቻለችው?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጆቹ ሊያባርሯቸው ሲነሱ ከዘራዬን አነሳለሁ። «ተዉ፣ የልጄ አገር እንግዶች ናቸው!» እላለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

አንቺ ብቻ ካልሲ ደራርቢ። እኔ እንግዶቻቸውን እንዳላስነካሁ፣ ቡልጋሪያዎቹም ከእሳታቸው ዳር አያርቁሽ። አሜን በይ።

አባትሽ