በማርያም ቀን አማኑኤል

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 1 ሰ.

ጠዋት አንድ ባለ ሜትር ከሃያ ስፖንጅ ፍራሽና ሁለት ትራስ ሸጥኩ። ከዚያ ሱቄን ዘጋሁና ሄድኩ። አዎ ደብተሬ፣ ሄድኩ! የዛሬው ወሬ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማሟሻ።

ከድር፣ ጎኔ ያለው ባለ ፍራሽ፣ ወዴት ነው አለኝ። አማኑኤል አልኩት። ውሸት አይደለም። ሬዲዮ ላይ የሰማሁት የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጡበት ቤት አማኑኤል ሰፈር ነው፣ ከቤ/ክ ዝቅ ብሎ። ግን አማኑኤል ሲባል መርካቶ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ልትሳለም ነው፣ ወይ አብዳ ሆስፒታሉ ልትገባ ነው። የመጀመሪያውን እንዲያስብ ተውኩት።

ካርድ አወጣሁ። አግዳሚው ላይ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ስሜን ጠሩ፣ ዝም። ደገሙ፣ ዝም። በሦስተኛው ተነሳሁ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዙሪያዬን እያየሁ።

አማካሪዋ ሲስተር ሐና ትባላለች። ልጄን ሜሮንን ታክላለች። ይቺ ሕፃን ምን ታውቅልኛለች አልኩ በሆዴ። እንቅልፍ የለኝም አልኳት፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ፍራሽ መሸጥ። እሷ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔ ግን ለቀቅኩት። ፍራሽ ሻጭ እንቅልፍ አጣች! ከድር ቢሰማ ዓመት ይስቅብኛል።

ሳቁ ሳላውቀው ወደ ልቅሶ ዞረ።

እህቴን እታለምን ነገርኳት። እናት የሆነችኝን። ቢቸና ገበያ ጌሾ እየሸጠች 12ኛ ያስጨረሰችኝን። ግንቦት ላይ ሞተች፣ ልክ በሜሮን ሠርግ ሳምንት። ባሌ ታደሰና ሽማግሌዎቹ ሠርጉ እንዳይበላሽ ብለው ደበቁኝ። እኔም ጨፈርኩ። ጥበብ ለብሼ፣ እልል እያልኩ፣ እህቴ አፈር ውስጥ ሆና። መርዶው የመጣልኝ አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ያዘ፦ በቃሽ። በቃሽ እንጂ፣ አርባዋ እንኳ አልፏል። በቃሽ፣ ልጅ ድረሻል።

ሲስተር በቃዎት አላለችኝም። ሶፍት አቀበለችኝ። አፍሬ ልተው ስል፣ «ይቀጥሉ፣ ጊዜ አለን» አለች። ጊዜ አለን! ከመርዶው ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም።

ሐሙስ ሐሙስ እንድመጣ ተነግሮኛል። ስመለስ ሰባተኛ ሰፈር ላይ የባቡሩ ቁፋሮ አቧራ አለበሰኝ። ግድ አልሰጠኝም። እንደ ሙሽራ ነበር የምራመደው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

አዛን ቀሰቀሰኝ። ቀሰቀሰኝ ማለት እኮ፣ ተኝቼ ነበር ማለት ነው!

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ሁለተኛዬ። ሲስተር ስለ ጭፈራው ጠየቀችኝ፤ እታለም ሠርጉ ላይ ብትኖር ስጨፍር አይታ ምን ትል ነበር አለች። አሰብኩ። ትከሻሽ ከብዷል፣ ሥጋ አበዛሽ፣ ዞር በይ እኔ ላሳይሽ ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ትል ነበር! ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰው ትንሽ ጠጋ አለልኝ።

ማታ ለታደሰ የምሄድበትን ነገርኩት። ጉርሻውን ይዞ ቀረ። ሂጂ አለ በመጨረሻ፣ ግን ለሰው አትናገሪ። የሜሮን አማቶች እናቷ አማኑኤል ትመላለሳለች ቢባሉ ምን ይላሉ? ትዳሩ ገና ዓመት አልሞላው። እዚህ ላይ አልተከራከርኩም። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። አይ፣ ሄጃለሁ። ግን የሄድኩት እዚያ አይደለም። ስሚኝ።

ከፊት ለፊቴ አንሶላ የምትሸጠው እትዬ ዘርፌ፣ ያቺ የየቀኑን ታቦት የምትቆጥረው፣ ስዘጋ አየችኝ።

«ወዴት ነው የሺ?»

«አማኑኤል ደርሼ ልምጣ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ዛሬ እኮ ሃያ አንድ ነው! በማርያም ቀን አማኑኤል ምን ትሠሪያለሽ? እመቤቴን ልታስቀይሚያት ነው?»

ወይ የኔ ነገር! መርካቶን ሁሉ ላታልል ስነሳ ቀን መቁጠር ረሳሁ። ስለት አለብኝ አልኳት። ይኸኔ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ስለትማ ካለ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ነጠላዋን አዞረች፣ ጧፍ ገዛች፣ ክንዴን ያዘች።

በምክር መስጫው በር አለፍን። ዘበኛው አይቶኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ እትዬ እንደምን አደሩ፣ ዛሬ አይገቡም እንዴ? አለኝ።

«ታውቂዋለሽ?» አለች እ. ዘርፌ።

«ደንበኛዬ ነው። ፍራሽ ወስዷል።»

ቤ/ክ ቆምን። እሷ ወገቤን ጉልበቴን እያለች ስትጸልይ እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? አማኑኤል ሆይ፣ ዛሬ የመጣሁት ወደ አንተ አልነበረም፣ አትቀየመኝ አልኩ። ጧፏ ነደደች፣ ሰዓቴም አለፈ። ሲስተር ወንበሯ ላይ ሆና በሩን እያየች ይሆናል።

ጥቅምት 24፣ እሑድ። ከሰዓት

ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ሰውየው ደረቴ ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል፣ አሁንስ እግሩን አጣጥፎ።

ታደሰ ለደህና አስቦ፣ ከተሳለምሽ እንግዲህ እሱ ራሱ ይፈውስሻል፣ የዚያኛው ነገር በቃሽ አለኝ።

በቃሽ።

ደብተሬ፣ ያቺ ቃል! ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አልበቃኝም አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር እንዲህ ብዬው አላውቅም። ታቦቱንም እሳለማለሁ፣ ሲስተርም ጋ እሄዳለሁ፣ እህቴንም ገና አልቅሼ አልጨረስኩም፣ አልበቃኝም።

ተነስቶ ይወጣል ብዬ ነበር። አልወጣም። መሬት መሬት እያየ፣ ሠርጉ ለት አንቺ ስትጨፍሪ እኔ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ አለ። እሷ እኮ እኔንም ወንድሜ ነበር የምትለኝ አለ። ይኸን እስከ ዛሬ ብቻውን ተሸክሞት! አብረን አለቀስን። ሽንኩርቱን ሰበብ አድርገን።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ። ጠዋት 4 ሰ. አግዳሚው ላይ።

ተራዬን እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ቶሎ ቶሎ።

ዛሬ ሃያ ስምንት። ወርኃዊ አማኑኤል! መርካቶ ግማሹ ነጭ ለብሷል። ዛሬ አማኑኤል ልሄድ ነው ብል ማንም ምንም አይጠይቀኝም። እንደ ዛሬ ለመዋሸት የተመቸ ቀን የለም። እ. ዘርፌ ነጠላዋን አጣፍታ ሱቄ ደፍ ላይ ቆማለች፦

«ዛሬስ ቀኑ ነው፣ ተነሽ!»

ከድርም እዚያው፣ ፍራሽ ተሸክሞ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፦

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ ታቦቱ ጋ አይደለም የምሄደው። ምክር የሚሰጡበት ቤት ነው። የእህቴ ሐዘን አላስተኛኝ ብሎ። በየሐሙሱ እሄዳለሁ።»

ከድር ፍራሹን አወረደ። እኔ፣ አለቀ፣ ስሜ ጠፋ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ታዲያ ያን ዕለት» አለች እ. ዘርፌ፣ «ለምንድነው በሽተኛ ጉልበቴን ይዤ ያን ሁሉ ሰዓት ያስቆምሽኝ?»

«ቆይ ቆይ» አለ ከድር፣ «ፍራሽ እየሸጥሽ እንቅልፍ የለሽም? ወላሂ፣ ቀድመሽ ከኔ ብትገዢ ኖሮ!»

ሳቅን። ሦስታችንም፣ መንገደኛው እስኪዞርብን። ከዚያ ከድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሂጂ፣ ሱቅሽን አያለሁ አለኝ። ግን ደንበኛሽ ከመጣ የኔን ነው የምሸጥለት።

እ. ዘርፌ እስከ በሩ አደረሰችኝ። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አነሳችና ትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። እኔ ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ እዚሁ ነሽ አለች፣ በዘበኛው ፊት፣ በመንገደኛው ፊት። ዘበኛውንም አንተ ነህ ፍራሽ የወሰድከው አለችው። ግራ ገባው!

ለሜሮን ደወልኩ። ለአማቶችሽ ራስሽ ንገሪያቸው፣ ከመርካቶ ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት አልኳት። እማ፣ ኮራሁብሽ አለችኝ። ይኸን እንኳ ሁለት ጊዜ ልጽፈው። ኮራሁብሽ አለችኝ።

ለገና ቢቸና እሄዳለሁ፣ ታደሰም አብሮኝ። መቃብሯ ላይ ምን እንደምል ለሲስተር ዛሬ

ስሜን ጠሩ። ገና አንዴ ነው። አቤት አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ።