የመምህር ሊሊሳ በዳዳ የሕይወት ታሪክና ከጥናታቸው የወጣችው ነጥብ

መምህር ሊሊሳ በዳዳ ከአባታቸው ከአቶ በዳዳ ጉርሜሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉነሽ ቶላ፣ ያኔ የገብስ ማሳ በነበረው፣ ወሰን በሚባለው አካባቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥያቄያቸው ሰው ያደክም ነበር። እናታቸው ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ሲወርዱ ተከትለው ሄደው፣ ቅባቱ ከልብሱ ለቅቆ የት እንደሚገባ ይጠይቃሉ። እናታቸውም “ወንዙን ጠይቀው” ይሏቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው ተከታትለው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1975፣ ሁለተኛውን በ1984 ዓ.ም. ተቀበሉ። የመመረቂያ ጥናታቸው ያው የወንዙ ጥያቄ ነበር። የሳሙና ቅንጣት ጭንቅላቷ ውሃ ትወዳለች፤ ጅራቷ ግን ውሃ ትሸሻለች። ቅንጣቶቹ ሲበዙ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ደብቀው ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ፤ ሚሴል የሚባለው ይህ ነው፤ ቅባቱም የሚገባው እዚያ ነው። ውሃው ላይ አልኮል ሲጨመር ግን ጅራቶቹ የሚሸሹት ነገር ስለሚቀንስ መሰብሰባቸው ይዘገያል።

አልኮሉ እጅግ ጥቂት የሆነበት አንድ ልኬት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ቅንጣቶቹ ከወትሮው ቀድመው ተሰበሰቡ። ፈታኞቹ ብርጭቆው ላይ የሳሙና ርዝራዥ ቀርቶ ነው አሉ። ብርጭቆውን ያጠቡት የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ወ/ሮ በለጡ አጥርተው እንዳጠቡ ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። መምህር ሊሊሳም በዓይናቸው ስላላዩ ሊከራከሩላቸው አልቻሉም። የዚያ ልኬት ነጥብ ከጥናቱ ወጣች፤ ወ/ሮ በለጡም አዝነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ መምህር ሊሊሳ በቤታቸው ብርጭቆ ለማንም አሳጥበው አያውቁም፤ እኛ ታናናሾቻቸው እንግዳ ሆነን ስንሄድ እንኳ ከእጃችን ይነጥቁን ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ የማርያምወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጆቻቸውን ቢፍቱንና ልደቱን አፍርተዋል። በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የጥራት ክፍል ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ በጉርድ ሾላ አካባቢ ኬሚስትሪ እያስተማሩ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በኮሮናው ጊዜ ባለቤታቸውና ጎረቤታቸው ወ/ሮ ኩልሱም ለሰፈሩ ፈሳሽ ሳሙና ሲያዘጋጁ፣ ጀርሙን ይበልጥ እንዲገድል ብለው አልኮል ገለበጡበት። ሳሙናው ቀጠነ፣ አረፋም እምቢ አለ። መምህር ሊሊሳ በማጽናናት ፈንታ ፊታቸው በርቶ ምን ያህል እንደጨመሩ መጠየቅ ጀመሩ። ወ/ሮ የማርያምወርቅ “ሳሙናችን ተበላሽቶ አንተ ትስቃለህ?” ብለው ተቆጡ። እሳቸው ግን ውሃና ተጨማሪ የሳሙና ጥሬ ዕቃ ቀላቅለው አረፋውን መለሱት፤ ያቺ አሮጌ ነጥብም ዳግም እንቅልፍ ነሣቻቸው።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ፣ በመጨረሻው ወር እንደ እሳቸው ኬሚስት የሆነችው ልጃቸው ቢፍቱ ልኬቱን ደግማ ውጤቱን አልጋቸው ድረስ አመጣች። ቅንጣቶቹ አሁንም ቀድመው ተሰብስበዋል። መምህር ሊሊሳ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት “ብርጭቆውን ማን አጠበው?” አሉ።

“እኔው ነኝ አባዬ፤ አንተ እንደምታጥበው።”

ወረቀቱን ተቀብለው አዩና “እንግዲያ ያኔም ንጹሕ ነበር። ለበለጡ ንገሩልኝ፤ ሰው በተሰበሰበበት ይሁን” አሉ።

መምህር ሊሊሳ በዳዳ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ብርጭቆ ማጠብ የተከለከልነውን እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ጠያቂውን ወንድማችንን እግዚአብሔር መልስ ሁሉ ካለበት ከራሱ ዘንድ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

አደራቸውንም እንፈጽማለን። ወ/ሮ በለጡ፣ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ብርጭቆው ንጹሕ ነበር።