የጋሼ ይማም ሦስት ፈራሚዎች

ሰኞ

የኳስ ቡድናችን ደጋፊዎች አጨብጭበው መረጡኝ። እምቢ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። ቡድን መሪያችን ጋሼ ይማም በክረምቱ ዕረፍት ያስፈረሟቸውን ተጫዋቾች ሦስት ሆነን እንመዝናለን፤ ሐሳባችንን ለእሑዱ የደጋፊዎች ጉባኤ በጽሑፍ እናቀርባለን። ከዚያ ጋሼ ይማም ይቆዩ ወይም ይውረዱ ተብሎ ድምፅ ይሰጣል።

ሌሎቹ ሁለቱ የደጋፊዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ተፈራና የስፖርት መምህሩ ኤልያስ ናቸው። እኔን የጨመሩኝ ነርስ ስለሆንኩ ነው፤ የተጫዋቾቹን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አውቃለሁ። ደግሞ የቡድናችን ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም፤ ወልጄ አራስ ከነበርኩበት ጊዜ በቀር።

የሰው ቁጣ ይገባኛል። አጥቂያችን ሱራፌል ውሉ ሲያልቅ ጋሼ ይማም ዝም ብለው ሸኙት። ወደ ተቀናቃኛችን ወደ ደጋው ቡድን ሄደ። ከዚያ ማንም ያልጠየቃቸውን ሦስት ሰዎች አመጡ፦

ጌታቸው፣ ተከላካይ፣ ከደብረ ሲና። ሠላሳ አራት ዓመቱ። ቀኝ ጉልበቱ ያስቸግረዋል።
አብዱ፣ ግብ ጠባቂ፣ የአጣዬ ልጅ። ከተማው ከተቃጠለ ወዲህ ለማንም ተሰልፎ አያውቅም።
ሙሄ፣ አጥቂ። ከገጠር ሜዳ በቀር የትም አልተጫወተም።

እውነቱን ልጻፍ። ዝርዝሩን ሳይ እኔም "ሽማግሌው ደከሙ" ብያለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ነው። ከማን ጋር? ከደጋው ቡድን፣ ከሱራፌል ጋር።

ማክሰኞ

ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ሜዳ ሄድኩ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ጌታቸው ለቆላ አዲስ ነው፤ በየጥቂቱ ውሃ አናቱ ላይ ያፈሳል። ሲሮጥ ዘገምተኛ ነው። ብዙም አይሮጥም። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ኳሱ የሚሄድበትን አውቆ ቀድሞ እዚያ ይቆማል። አፉም አያርፍም። ተመለስ፣ ያዘው፣ ተወው፣ ግራህን እይ። አምና ተከላካዮቻችን እንደተኳረፈ ባልና ሚስት ዝም ተባብለው ነበር የሚጫወቱት።

ሙሄ ይፈጥናል፤ ግን ሳያይ ይመታል። አራት ጊዜ ባዶ ግብ ሳተ። ደብተሬ ላይ "ጥድፊያ" ብዬ ጻፍኩ።

አብዱ ትከሻውን እንዳይለት ጠየቀኝ። ደህና ነው። እነዚያን ዓመታት ምን ሲሠራ እንደቆየ ጠየቅኩት። መናኸሪያ ጭነት ሲያወርድ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያላተመ ሲይዝ። ብቻውን። በየቀኑ።

ረቡዕ

አቶ ተፈራ ክሊኒክ ድረስ መጡ። ሦስታችን አንድ ቃል መናገር አለብን አሉኝ፤ ቃሉም ተዘጋጅቷል፦ ዝውውሩ ከሽፏል። ልምምድ አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሱራፌልን የሸኘ ሰው ምን ይገመገማል ብለው ሄዱ።

ተናደድኩ። ግን ሱራፌል እኮ የአምናው ዋና አግቢያችን ነው፤ አባባላቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ቤት ገብቼ የአምናውን ደብተሬን አወጣሁ። ባለቤቴ ከማል ይስቅብኛል እንጂ እያንዳንዱን ጨዋታ እጽፋለሁ። የተሸነፍንባቸውን አንድ በአንድ አየሁ። በሁሉም ጎል አግብተናል! የተሸነፍነው ማግባት አቅቶን አልነበረም፤ ስለሚገባብን ነው። ያውም መጨረሻ ላይ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ስጽፈው ኖሬ አላየሁትም።

ሐሙስ

ጋሼ ይማምን ፍለጋ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ማሳቸው ሄድኩ። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማሾ ይዘራሉ። ለቀማ ላይ ነበሩ። ለግምገማ እንደመጣሁ ስነግራቸው ቅር አላላቸውም። ሱራፌልን ለምን ለቀቁት አልኳቸው።

"ባለን ገንዘብ ሱራፌልን ባስቀር የማገኘው አንድ ሰው ነው። የጎደሉኝ ሦስት ነበሩ።"

ታዲያ ይህን ለሕዝቡ ለምን አልነገሩም? ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። አስተማሪ ሆነው የኖሩ ሰው መጠየቅ አይወዱም መሰለኝ። ስለ ሙሄ ሳነሣ ግን ሳቁ።

"ወላሂ፣ እሱን እኔም ገና አላውቀውም።"

ይህ መልሳቸው ከሁሉም በላይ አሳመነኝ። በግራ በኩል ተጠባባቂ ተከላካይ እንደሌላቸውም አልደበቁም።

ዓርብ

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ።

ጌታቸው፦ ትክክለኛ ሰው፤ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ግን አይችልም። አብዱ፦ ከሁሉ የተሻለው ፊርማ። ሙሄ፦ ለመፍረድ ገና ነው። ሱራፌልን መልቀቃቸው ልክ፤ ለደጋፊ አለማስረዳታቸው ጥፋት። የግራው ክፍተት አደገኛ። ማጠቃለያ፦ ጋሼ ይማም ይቆዩ።

አቶ ተፈራ አንብበው ነገ ውጤቱን አይተሽ ብታስገቢ አሉኝ፤ ለራስሽ ነው በሚል ድምፅ።

"ነገ ብናሸንፍም ብንሸነፍም እኔ ያየሁት ያው ነው" አልኳቸው።

ኤልያስ ዓይኔን ሳያይ ዝውውሩ ከሽፏል በሚለው በእሳቸው ወረቀት ላይ ፈረመ። የእኔ ወረቀት ብቻውን ቀረ። ከማል፣ ነገ ከተሸነፍን ሰው ፊት ስለማትቀርቢ ለአንድ ወር ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ ብሎ አሾፈ። አልሳቅኩም።

ቅዳሜ

ገና ከሜዳ መመለሴ ነው።

ገና ሳንረጋጋ ሱራፌል አገባብን። እኛው ሜዳ ላይ። ከኋላዬ አንዱ "ነርሷ የት አለች?" ሲል ሰማሁ። ወሬው ተዳርሷል ማለት ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ጌታቸው ሱራፌልን ያዘው። በጉልበት አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደሚዞርበት በኩል ቀድሞ እየቆመ። ሱራፌል መነጫነጭ ጀመረ። ከዕረፍት መልስ ሙሄ አቻ አደረገን። ኳሷ ጉልበቱን መትታ ነው የገባችው፤ እሱም የት እንደሄደች አላየም። ጎል ጎል ነው! ቀጥሎ የማዕዘን ምት፣ ጌታቸው በጭንቅላቱ፣ ሁለት ለአንድ።

ሊያልቅ ሲል ሱራፌል ብቻውን አመለጠ። አምና እንዲህ ባለው ሰዓት ነበር የምናልቀው። አብዱ ግቡን ትቶ ወጣ፤ ሮጦ ተወረወረና ኳሱን ከእግሩ ሥር ነጠቀው። ደረቱ ላይ አቅፎት ተኛ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ እንኳ መልቀቅ የሚፈልግ አይመስልም ነበር።

የአገሩ ሰዎች ከአጣዬ በሁለት ሚኒባስ መጥተው ነበር ለካ። አጥሩን ዘለው ገብተው ተሸከሙት። አንዲት እናት ጫማቸው ወልቆ በባዶ እግራቸው ሜዳው መሐል ሲያለቅሱ አየሁ፤ የአብዱ እናት ናቸው አሉኝ። እኔም አለቀስኩ። ድምፄ ተዘግቷል።

እሑድ

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። አቶ ተፈራ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ኮሚቴው ከመጀመሪያውም በጋሼ ይማም ላይ እምነት ነበረው አሉ። ኤልያስ አንገቱን ደፋ።

ልተወው አስቤ ነበር። ግን እጄን አወጣሁና ጽሑፌን ላንብብ አልኩ። ሁሉንም አነበብኩት፤ የግራውን ክፍተትም፣ የጋሼ ይማምን ዝምታም። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል ነቀፌታ ሳነብ አንዳንዱ አጉረመረመ። ስጨርስ ግን ቆመው ነው ያጨበጨቡልኝ። ድምፅ ተሰጠ፤ ይውረዱ ብሎ እጁን ያወጣ አንድም ሰው የለም።

ጋሼ ይማም ተነሡ። ስለ ቅዳሜው ድል አንድ ቃል አልተናገሩም።

"ሐያት ልክ ናት። ሱራፌልን ስሸኝ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ይቅር በሉኝ" ብለው ተቀመጡ።

ደስታዬ ልክ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ብንሸነፍ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን አጥቁሮ እያየኝ፣ ያንኑ ወረቀት ቆሜ አነብ ነበር? አነብ ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አልተፈተንኩበትም።