የእህቴን ክራር ጸጥ ስላሰኙልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ጌትነት ይኼነው
ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በወላጆች ቀን እንግዳ ሲቀበሉ፣ ሲያስቀምጡና ሲሸኙ የዛለው ጉልበትዎ እንደበረታ፣ ለሰላምታ ያጎነበሰው ወገብዎም እንደተቃና ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ናሁሠናይ አበጀ እባላለሁ፤ ከሚመሩት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ የወጣሁ፣ አሁን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት በልብ ሕመም ያረፈችው የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎ የቃልኪዳን ወንድም ነኝ ብል ግን ቶሎ ያስታውሱኛል፤ በቀብሯ ላይ ረጅሙን ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩና። ደብዳቤዬን በወላጆች የቴሌግራም ቡድን የለጠፍሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑና ክቡርነትዎን ከወንበርዎ ማስነሣት ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መምህር ኪሩቤል ልጆቹን ክራር ሲያስተምሩ ቢሮዎ ድረስ ይሰማ የነበረውን ሁካታ አስቁመው፣ መምህሩን ወደ ሂሳብ ማጠናከሪያ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜው ከነስሙ ስለቀረ፣ ሙዚቃን በማባዛት ሰንጠረዥ የሚማሩ ልጆች ያሉን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

፪. የእህቴን ክራር ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። ክራሩን የሠሩላት መምህር ኪሩቤል ናቸው፤ ክሩም ከሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ለምነው ያመጡት ናይለን ነበር። ቃልኪዳን ስትቃኘው አገጯን እንጨቱ ላይ ታስደግፍ ነበር፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት «ዝም በል፣ በጥርሴ እየሰማሁት ነው» ትለኝ ነበር። አርባዋ ካለፈ በኋላ እናቴ ክራሩን ግድግዳ ላይ ማየት ስላቃታት ወደ እርስዎ ይዛው መጣች፤ የተናገረችውም «ልጆች ይጫወቱበት፤ ቢሰብሩትም ይስበሩት» የሚል ብቻ ነበር። እርስዎ «ትውልድ የማይረሳው ስጦታ» ብለው በሁለት እጅ ተቀበሉና፣ ትውልዱ እንዳይነካው ቢሮዎ ውስጥ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ቆለፉበት። ልጆቹ በመስኮት እየተንጠራሩ እንዲያዩት ስለፈቀዱ ቸርነትዎን ሳላነሣ አላልፍም።

፫. በወላጆች ቀን ስላሳዩን ትርዒት ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ክራሩን ከሣጥኑ ወጥቶ ባየሁት ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ደንግጦ ነበር። የሁለተኛ ክፍሏ ተቅዋ ደረቷ ላይ አቅፋው ከጓደኞቿ ፊት ቆመች፤ ሙዚቃው ግን ከፍላሽ ዲስክ በድምፅ ማጉያ ይመጣ ነበር፤ የልጆቹ ሥራም አፍ መክፈትና ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር። የእንግዶቹ ፊት በደስታ ሲፈካ መብራት ሄደ። ልጆቹ፣ ምስጉን አሠልጣኝ ስላላቸው፣ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት አላቋረጡም፤ እርስዎም ከመጋረጃው ኋላ «እንዳታቆሙ! ጣት! ጣት!» ሲሉ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ይሰማ ነበር፤ አንድ የተከበሩ እንግዳም ነገሩ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። እኔ ያን ጊዜ ነበር የተቅዋን ጣቶች ልብ ብዬ ያየሁት። ጣቶቿ የሚመላለሱት አየር ላይ ነበር። የእህቴ ክራር አንድም ክር አልነበረውም።

፬. ምክንያቱን ከተቅዋ ሰማሁ። ሰው ሲበተን እንባዋ እየወረደ መጥታ «ናሁ፣ ይቅር በለኝ፤ በልምምድ ጊዜ ሳላውቅ በጣቴ ነካሁትና ጮኸብኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ዘፈኑን አበላሸሽው ብለው ክሩን አስፈቱት» አለችኝ። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ በዚህ በኩል ከልብ አደንቅዎታለሁ። ክራር ያስጮኹ ልጆች ሲሸለሙ አይቻለሁ፤ ክራር ስላስጮኸች ይቅርታ የምትጠይቅ የሰባት ዓመት ልጅ ማፍራት ግን ለማንም የሚሆን ችሎታ አይደለም። እህቴ በዚያ ክራር የጓደኞቿን ጆሮ ስታደነቁር ማንም አልቀጣትም፤ መምህሯ «በርቺ፣ ደግሞ አስጩሂው» ይሏት ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እለምናለሁ። ወይ ክራሩን ለመምህር ኪሩቤል ሰጥተው፣ እርሳቸውንም ወደ ሙዚቃቸው መልሰው፣ ልጆቹ እናቴ እንዳለችው እንዲጫወቱበት ያድርጉ፤ ወይ ደግሞ ክራሩን ይመልሱልን። ቤታችን ሐዘን እንጂ መስታወት የለበትም፤ ተቅዋም ጎረቤታችን ስለሆነች የምታውቀውን ያህል ትመታዋለች፤ የማታውቀውንም ያህል ታስጮኸዋለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ አዲስ ክር ይዤ ከእናቴ ጋር በርዎ ላይ እንቆማለን። ስብሰባ ላይ ከሆኑ እንጠብቅዎታለን፤ እናቴ መጠበቅን ሆስፒታል ውስጥ ተምራዋለች።

ለዝምታ ያለዎት ፍቅር በልጅ ልጆችዎ ቤት ከቶ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣
ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ናሁሠናይ አበጀ
የቃልኪዳን ወንድም

ማሳሰቢያ፦ የመብራቱ ችግር እንዳይደገም ጄኔሬተር ለመግዛት ከወላጆች መዋጮ ሊሰበስቡ ማሰብዎን በታላቅ ደስታ ሰማሁ። ለመረጃ ያህል፣ ልጆች ሙዚቃ ከተማሩ ያለ ነዳጅ ይሠራሉ።