ሉፐስ የመሰለኝ የዘሀራ ሕመም

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ዛሬም ተመላላሽ ክፍሉ ጢም ብሎ ዋለ። ምሳ የለም። ሳል፣ ታይፎይድ፣ ደም ግፊት፣ ደግሞ ሳል። ከዚያ ዘሀራ ገባች። በእኔ ዕድሜ ናት። ከጅዳ የተመለሰች፣ አሁን ከላላ ወረዳ የምትኖር። ባሏ ሰይድ ክንዷን ይዞ ነው ያስገባት። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አፏ ውስጥ ቁስል። ቅልጥሟ ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት። ትኩሳት መጣ ሄድ ይላል። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል።

አንዱ ሐኪም ጋ የሪህ፣ ሌላው ጋ የቲቢ መድኃኒት ወስዳለች። ለውጥ የለም።

ሉፐስ ይመስለኛል፤ ሰውነት ራሱን በራሱ የሚያጠቃበት ሕመም። ወጣት ሴት፣ መገጣጠሚያ፣ አፍ፣ ቆዳ፣ ትኩሳት፤ መጽሐፉ የሚለው ሁሉ አለ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ተማሪ ሳለሁ ብቻ ያየሁትን በሽታ መካነ ሰላም ላይ አገኘሁት ብዬ። ከዚያ በደስታዬ አፈርኩ። ሆስፒታላችን አስተኛኋት።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሽንቷ ንጹሕ። ኩላሊቷ ደኅና። ደሟም ጥሩ። ሉፐስ ሸሸኝ፤ ጨርሶ ግን አልሄደም። የደረት ራጇ ንጹሕ። ኤችአይቪ የለም፣ ቂጥኝ የለም። ታዲያ ምንድን ነው? እነዚህ በሽታዎች እንደ እህትማማች ናቸው። አንዷን ስጠራ ሌላዋ አቤት ትላለች።

አዲስ አበባ፣ የድሮ መምህሬ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ሌላ ቦታስ ቁስል አላት ወይ? አልጠየቅኋትም። ባሏ አጠገቧ ቆሞ እንዴት አድርጌ!

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሰይድን ቁርስ ብላ ብዬ አስወጣሁትና በሩን ዘጋሁ። ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለሰይድ አይንገሩብኝ» አለች።

አለ። ታች ቁስል አለ። ይመጣል፣ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጅዳ እያለች ነው የጀመራት። ያኔ ያሳየቻት ጓደኛዋ ከወንድ የያዝሽው ነው ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አማቷ ደግሞ ከዐረብ አገር ይዛው የመጣችው ነገር አለ እያሉ ለጎረቤትና ለገበያተኛ ያወራሉ አሉ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ከሰይድ በቀር ወንድ አላውቅም።»

አመንኳት። እጇን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ትናንት ደም የተቀዳበት ቦታ መግል ቋጥሯል። መርፌው ንጹሕ አልነበረም ብዬ ተናደድኩ። ላብራቶሪ ልሄድ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አፍ። ታች። ዓይን። ቅልጥም። አሁን ደግሞ መርፌ የነካው ቆዳ።

ቤቼት! በመላ ሰውነት የደም ሥር የሚቆጣበት ሕመም። አይተላለፍም። ከወንድም ከሴትም አይመጣም። ይህን ስነግራት ደግማ ደጋግማ አስማለችኝ።

ለማረጋገጥ ሌላኛውን ክንዷን በደንብ አጽድቼ በንጹሕ መርፌ ወጋሁት። ቤቼት ከሆነ በሁለት ቀን ውስጥ መግል ይቋጥራል፤ አሁን መጠበቅ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ዓይኗ ባሰ። ከጥቁሩ በታች ነጭ መግል ረግቶ በባዶ ዓይን ይታያል። ጣቶቼን መቁጠር አቃታት። ክንዷ ላይ ግን ትንሽ ቅላት ብቻ።

ፈራሁ። የተደበቀ ቲቢ ከሆነ፣ ስቴሮይድ ብሰጣት የሰውነቷን መከላከያ አዳክሞ ይብስባታል። ቤቼት ከሆነ፣ ብጠብቅ ዓይኗ ይጠፋል። ደሴ ልላካት? አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል፤ እስከ ነገ መኪና የለም።

እንደገና ደወልኩ። መምህሬ ያየሁትንና ያስመረመርኩትን አንድ በአንድ አስዘረዘሩኝ። ከዚያ «አውቀሽዋል እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ጀመርኩላት። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድና የዓይን ጠብታ። የመጀመሪያውን ጠብታ ስቼ ጉንጯ ላይ አፈሰስኩት።

«አብሽሩ ዶክተር» አለችኝ።

ታማሚዋ እኔን ታጽናናኛለች!

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ክንዷ መግል ቋጠረ! ትንሽዬ፣ ነጭ፣ ዙሪያዋ ቀይ። በብጉር እንዲህ የፈነጠዘ ሐኪም ይኖር ይሆን? ትኩሳቷም በርዷል። ማታ እህል ቀምሳለች። መኪናው መጣ። ሰይድ ጋቢውን አልብሷት ይዟት ወደ ደሴ ሄደ፣ ዓይን ሐኪም ጋ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ወሬ የለም። ሰይድ ስልኩን አያነሣም። ተሳስቼ ቢሆንስ? ሥራ ላይ ሁለት ሰው ተቆጣሁ። ያለ ጥፋታቸው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ተመለሱ! በእግሯ ገባች፤ ማንም ሳይደግፋት። የደሴው ዓይን ሐኪም ዛሬ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ቤቼት ነው ይላል። መድኃኒቱ በጊዜ በመጀመሩ ዓይኗ ተርፏል። ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ በቀኝ ዓይኗ አነበበችልኝ። ትንንሾቹ ፊደላት ላይ ተደናቀፈች፤ ሳቅን።

ከዚያ ከባዱን ነገርኳት። ጨርሶ የሚድን አይደለም። በመድኃኒትና በክትትል ግን ይያዛል። ትንሽ አለቀሰች። መውለድ እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትችያለሽ አልኳት፤ ሕመሙ ይረጋ፣ መድኃኒቱንም እናስተካክል፣ ከዚያ።

ለሰይድ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግራዋለች። እሱም ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ብቻሽን ቻልሽው ብሎ አልቅሷል።

አማቷ እትዬ ፋጡማ አብረው መጥተው ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ልንገርልሽ ወይ አልኳት።

«አይሆንም። እኔው ነኝ የምነግራቸው። እርስዎ አጠገቤ ብቻ ይሁኑልኝ» አለችና ሻሿን አስተካክላ ራሷ ጠራቻቸው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። የቁስሉን ቦታ ሳይቀር። ድምጿ አንዴ ብቻ ተሰበረ። እትዬ ፋጡማ መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙ። እኔም ቤቼት የሚባለው ሕመም የማንም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳሁ። በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ስሙን ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። ቤ - ቼት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አጠኑት። ከዚያ የዘሀራን እጅ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«የማይሆን ነገር ያወራሁት ገበያ መሀል ነው» አሉ። «በሚመጣው ገበያ ቆሜ ስሙን እነግራቸዋለሁ። አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»