ለሁለት ሰው የሰፋሁት ተንጠልጣይ አልጋ

መቱ፣ ታኅሣሥ 11

ውድ ወንድሜ ዲንቃ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የሚኒባሱ ሹፌር ኪቲላ ነው። ከማን እንደሆነ እንዳይነግርህ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ስሜን ከሰማህ ሳትከፍተው ትመልሰዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው። አንዴ ከፍተኸዋልና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዚያ ብትቀደውም ቅር አይለኝም። ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። ከመቱ ጎሬ አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ የሚደረስበት መንገድ ነው። እኔ ግን ዓመት ከአንድ ወር ፈጀብኝ።

ዳር ዳር ስል ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ አስቀድሜ ልናገረው። ያቺ ሙሽራ በብርድ ልትሞት የደረሰችው በአንተ ጥፋት አልነበረም፤ በእኔ ነው።

ነገሩን የጀመርነው ሁለታችን ነበርን። አንተ እንግዶችን ይዘህ ሶር ፏፏቴ ትወርዳለህ፣ እኔ መቱ ተቀምጬ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ፈረንጆች ጥለውት የሄዱትን የተቀደደ ሃሞክ በብብትህ ሸጉጠህ ሱቄ ገባህ። ከዛፍ ዛፍ የሚታሰር ተንጠልጣይ አልጋ መሆኑን ያወቅሁት አንተ ስትነግረኝ ነው። «ሰይፈ፣ ይህን ትሰፋዋለህ?» አልከኝ። «እንኳን ይህን፣ የጳጳስ ካባም እሰፋለሁ» አልኩህ። ጉራዬን ታውቃለህ። በሳምንቱ ከሸራ ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፍቼ አሳየሁህ፤ የሚመጡልህ እንግዶች አብዛኞቹ ባልና ሚስት ስለነበሩ።

ያን ዕለት የነገርከኝን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ብርዱ ከላይ አይደለም፣ ከሥር ነው የሚመጣው። ለሙቀት የምንጨምረውን ጥጥ ከሸራው በታች፣ በውጭ በኩል እናንጠልጥለው። ሰው ከተኛበት ይጨፈለቃል» አልከኝ። እኔስ ምን አልኩህ? «ልብስ ሰፊው ማን ነው? ገበር ወደ ውስጥ ነው፤ አባቴም ያስተማረኝ እንዲያ ነው። አንተ መንገድህን ምራ!» በሱቁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሳቁብህ። አንተም አብረህ ሳቅህ። ጥጡን ከውስጥ፣ ሰው ጀርባውን በሚያሳርፍበት በኩል ደልድዬ ሰፋሁት።

አምና ኅዳር እነዚያ ሙሽሮች ከአዲስ አበባ መጡ። ሲነጋ ልጅቷን ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አንደበቷ ተሳስሮ አገኘሃት። ያን ዳገት በጀርባህ አዝለሃት ወጣህ፣ ከዚያም በሞተር ሳይክል ሕክምና ቤት አደረስካት። ባልየው ለአስጎብኚዎች ማኅበር አቤት ሲል ሁላችንም ተጠራን። ሊቀመንበሩ ጋሼ ሙሉብርሃን «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አንተ ዞር ብለህ አየኸኝ። አስተያየትህ የክስ አልነበረም፤ ቀድሜ እንድናገር ፋታ እየሰጠኸኝ ነበር። እኔ ግን «ሸራው እንከን የለውም፤ የነፋስ መንገድ ላይ ያሰረው እሱ ነው» አልኩ። የት እንዳሰርከው እኮ አላየሁም! በልቤ ደግሞ ጥጡ ትዝ ብሎኝ ነበር። አንተም የአስጎብኚነት መታወቂያህን ከአንገትህ አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ወጣህ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያ በኋላ በከተማው የጠፋው ነገር ሁሉ በአንተ ይላከክ ጀመር። ጎሬ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ትሸከማለህ ሲሉኝ «እንጀራው ነው» ብዬ ወደ ስፌቴ ዞርኩ።

ግን ዲንቃ፣ ደህና አልከረምኩም። ከሁሉ የከበደኝ አባትህ ናቸው። ኦቦ ጭምዴሳ ቅዳሜ ገበያ በወጡ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ቆም ብለው «አካም ጅርታ፣ ሰይፈ?» ብለው ደኅንነቴን ይጠይቁኛል። ዱሮም እንዲያ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህም አላጓደሉም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ገና ከሩቅ ባርኔጣቸውን ሳይ መቀስ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛ ሥር የገባሁበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ወር ማኅበሩ ለገና እንግዶች አምስት አዲስ አልጋዎች እንድሰፋ አዘዘኝ። ዕፀገነትን ታውቃታለህ፣ ሚስቴ ነገር አታሳልፍም። «ለመሆኑ አንተ በዚህ ነገር ተኝተህበት ታውቃለህ?» አለችኝ። የለም። «እንግዲያው ሰው ከመተኛቱ በፊት እኔና አንተ እንሞክረዋለን» ብላ ብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመረች። ሶር ስንደርስ የአምናው ገመድ ቅርፊቱን የፋቀውን ዛፍ አገኘሁና አልጋውን እዚያው አሰርኩት። ወፍራም ዛፍ ነው፤ ከኋላው ቋጥኝ አለ። ነፋስ የሚባል ዝር አይልም። የመሰከርኩብህ ውሸት እንደነበር እዚያው ቆሜ አየሁት።

ገና ስንጋደም ሁለታችንም እየተንሸራተትን መሐል ተገናኘን። ክርኗ ጎኔ ውስጥ፣ ጉልበቴ ወገቧ ላይ። ዐሥራ አንድ ዓመት በትዳር እንዲህ ተጣብቀን አናውቅም፤ እሷም «ፍቅር መስሎህ ደስ እንዳይልህ!» አለችኝ። ስቀን ሳንጨርስ ብርዱ ጀመረ። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ደረታችን ሲያልበው ጀርባችን በረዶ ሆነ። እጄን ከሥሬ ብሰድ ያ የተመካሁበት ጥጥ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። የሁለት ሰው ክብደት ተጭኖት ምን ሙቀት ሊይዝ? ዕፀገነት ጥርሷ እየተፋጨ «ያቺ ልጅ እንዲህ ነው የሆነችው?» አለችኝ። ወርደን እሳት አንድደን፣ እሳቱ ዳር ነጋልን።

ጠዋት አባትህ ገመድ በትከሻቸው አድርገው ቀፎ ለማየት ሲወጡ አገኙን።

«አካም ቡልታን?» ብለው እንዴት እንዳደርን ጠየቁን።

«ብርድ ፈጀን፣ ኦቦ» አለች ዕፀገነት።

ወደ አልጋው ቀረብ ብለው ጥጡን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰይፈ፣ እኛ ቀፎ ስንሰቅል ሣሩንና ኮባውን የት ነው የምናለብሰው?» አሉኝ።

«ከውጭ።»

«ውስጡን ብንጠቀጥቀውማ ንቡ የት ይኖራል?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስለ አንተ ምንም አላነሡም።

ቤት ገብቼ ገበሩን በሙሉ ተረተርኩት። ጥጡን ለብቻው ሰፍቼ ከሸራው ሥር በላላ ማሰሪያ አንጠለጠልኩት፤ ማንም የማይተኛበት፣ አየሩን ብቻ አቅፎ የሚይዝ። መሐሉን ደግሞ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሰፍቼ ለሁለት ከፈልኩት፣ አንዱ ሌላው ላይ እንዳይንከባለል። በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ሰያፍ ስንጋደም ወገባችን ተዘረጋ፣ ጀርባችንም ሞቀ። ዕፀገነት ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች። እኔ ግን ሞቆኝ አለቀስኩ። አንተ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የነገርከኝን ነው፣ ሰው ለሞት አድርሼ፣ አንተን ከአገርህ አስወጥቼ የተማርኩት።

ባለፈው እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቼ ቆምኩ። አሮጌውን አልጋና አዲሱን ዘርግቼ ሁሉን ተናገርኩ፤ ያስጠነቀቅኸኝን፣ ሰው ያሳቅሁብህን፣ ሳላይ የመሰከርኩብህን። ጋሼ ሙሉብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዋሸህ?» አሉኝ። «ሰፊ አይደለም እንዳልባል» አልኩ። ዓመት ሙሉ ያነቀኝ ነገር ለካ ይህችን ታህል ኖሯል! የሽማግሌዎቹ ፊት ጠቆረ፣ እኔ ግን እግዜር ይመስገን ትንፋሼ ተመለሰልኝ። ለሦስት ወር ከማኅበሩ ሥራ አግደውኛል፤ ይገባኛል። የአንተን መታወቂያ መልሰው፣ ስምህን በቃለ ጉባኤ አጥርተዋል። ለልጅቷም ደወልኩላት። ፍጹም ደህና ናት። «ያን አዝሎ ያወጣኝን ልጅ ሰላም በሉልኝ» ብላሃለች።

በማግስቱ አባትህ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «ኦቦ ጭምዴሳ፣ ልጅዎን ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በሄደ ዕለት ነግሮኛል።»

«እያወቁ እንዴት ዓመት ሙሉ ሰላም ይሉኛል?» አልኳቸው።

«እኔማ መች ወደድኩና! እሱ ነው ያስማለኝ። ‹አባ፣ ሰላምታ እንዳትነፍገው። ከነፈግከው ያፍርና ይሸሻል፤ ከሸሸ ደግሞ መቼም አይናገርም› አለኝ።»

ዲንቃ፣ እኔ ጠላቴ አደረግሁህ ስል አንተ በአባትህ አፍ በየቅዳሜው ሰላም ትለኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር እደበቃለሁ።

እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎሬ እመጣለሁ። ይቅርታህን ልለምን ነው እንጂ ወደ መቱ ልጎትትህ አይደለም፤ መመለሱን አንተ ታውቃለህ። በር ብትዘጋብኝ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ። ብታባርረኝም በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ። አንተ ዓመት ጠብቀኸኛል፣ አሁን ተራው የእኔ ነው።

የበደለህ ወንድምህ፣
ሰይፈ ሚካኤል